የትኛው ሮብሌ?

ሲራድ የእግር ጉዞ የጀመረችው ለራሷ ጤና ብላ አይደለም። ስኳር የተገኘባቸው እናቷ ነበሩ። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ሲላቸው፣ ብቻዬን አልወጣም፣ ልጄ ትከተለኝ አሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ጫማው ጠበበኝ እያሉ ቀሩ። አጃቢዋ ግን በዚያው ቀጠለች። እናት እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እንራመዳለን» ይላሉ እንጂ «ትራመዳለች» አይሉም።

መንገዱ ከሐርጌሳ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ነው። ከንጋት ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ግማሹ ሰፈር እዚያ ነው። ሴቶቹ ከረጅሙ ጅልባባቸው ሥር የስፖርት ጫማ አጥልቀው፣ ወንዶቹ ገሚሱ በሱሪ ገሚሱ በሽርጥ፣ ክንዳቸውን እያወናጨፉ ይሄዳሉ። መመለሻው አንድ ትልቅ ግራር ነው። ግንዱን በእጅ ነክቶ መዞር ነው ደንቡ፤ ሳይነካ የተመለሰ ሰው ሲላገዱበት ይከርማሉ። ከግራሩ ሥር ሻይ በወተት የምታፈላ ሴት አለች። የተራመዱትን ሁሉ በስኳር የሚመልሱት እዚያ ነው።

ይህ መንገድ አንድ ሕግ ነበረው። ያወጡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም መዓሊን ነው የሚላቸው። በሐርጌሳ ሰው ከሰው ሲገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ከዚያ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተቆጠረ ጎሳ ላይ ይደረሳል፤ ከዚያ ወይ ዘመድ ሆኖ መተቃቀፍ ነው፣ ወይ ወሬው ይቀዘቅዛል። መዓሊን «እዚህ መንገድ ላይ እግር እንጂ ዘር አይቆጠርም» አሉ፤ ሕጉም ያዘ። ስለዚህ ተጓዦቹ ለዓመታት እየተያዩ የአንዳቸውንም አባት ሌላው አያውቅም። የሚተዋወቁት በቅጽል ስም ነው።

ቅጽል ስም ደግሞ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። አባት ያወጣው ስም ለመታወቂያ ወረቀት ነው፤ ሰው የሚጠራህ ሰፈር ባወጣልህ ነው። አንካሳው አንካሳው፣ ባለ ወርቅ ጥርሱ ባለ ወርቅ ጥርሱ ይባላል፤ የሚቀየምም የለም። ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ወፋፍራም ወንድማማቾች ዶልሾ ይባሉ ነበር፤ ኬክ ማለት ነው። ሲራድን ደግሞ ስለምትፈጥን ችኩሏ አሏት። በስማቸው የሚጠሩት ኤዶ ሙሚና ብቻ ናቸው፤ ኤዶ አክስት ማለት ስለሆነ የሁሉም አክስት ናቸው። እሳቸው ሁለት ቀን የቀረ ሰው ካለ ይቆጣሉ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ዱዓ ያደርጉለታል፣ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይቆጡታል።

ከዚህ ሁሉ መሀል ነው አንድ ረጅም፣ አንገተ መለሎ ወጣት ብቅ ያለው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ያልፋል። «አሰላሙ አለይኩም!» ሲሉት ዝም። ነገም ዝም።

ኤዶ ሙሚና አልቻሉም። «ሰላምታ አለመመለስ ኃጢአት መሆኑን ማን ይንገረው?»

«ይተዉት ኤዶ» አለች ሲራድ፣ «ዳጎሌ ነው መሰለኝ።»

ዳጎሌ ደንቆሮ ማለት ነው። ዶልሾዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በማግሥቱ መንገዱ ሁሉ ሰውየውን ዳጎሌ ሲለው ዋለ። እንግዲህ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ወደ ፊት ዋጋ የሚያስከፍላት መሆኑን ማን ያውቃል?

አንድ ጠዋት ከኋላው ስትደርስ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ አየችው። የአንገቱ ምልክት ወደ ውጭ ወጥቷል።

«ዳጎሌ» አለች ለራሷ ያህል፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ።

ሲራድ ባለችበት ቆመች። «ትሰማለህ!»

«እሰማለሁ» አለ። ጆሮው ቀላ።

«ጆሮህ ላይ ያለውስ?»

«ምንም አያሰማም። ከተበላሸ ቆየ።»

«ታዲያ ለምን ሰክተኸው ትዞራለህ?»

«ሰው እንዳያናግረኝ። ሰው ሲያናግረኝ መልስ ይጠፋኛል።»

«እኔም ሳናግርህ?»

ትንሽ አሰበ። «አንቺ አናግረሽኝ አታውቂም። ከኋላዬ ሆነሽ ነው የምታሚኝ። እሱን ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ሲራድ የምትገባበት ጠፋት። ያን ዕለት ግራሩን ሳትነካ ነው የተመለሰችው።

ከዚያ በኋላ ማዳመጫው ወደ ኪስ ገባ። መጀመሪያ ሰላምታ መመለስ ጀመረ፤ ከዚያ አብሮ መሄድ መጣ። ኤዶ ሙሚና መሀል ይሆናሉ፤ ወግ ነው። ግን ጉልበታቸው ደከም ስለሚል፣ ወይም ደከም አለኝ ስለሚሉ፣ እየቆዩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አያችኋለሁ» ይላሉ። እያዩም ነበር።

የሚያወሩት ተራ ነገር ነው። እሷ ገበያው አጠገብ መነጽር ቤት እንደምትሠራ፣ ሰዎች መነጽር ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚያዩት የራሳቸውን እጅ እንደሆነ ትነግረዋለች። እሱ በገጠር የውኃ ጉድጓዶች ላይ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ እንደሚተክል፣ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ቡርዖ ከተማ በኩል እንደሚሄድ ይነግራታል። ቡርዖ ሲሄድ መንገዱ ረዘመባት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ኤዶ ሙሚና ግን «ዛሬ ደግሞ ምነው ሞተርሽ ጠፋ?» ብለው ነካኳት።

አንድ ቀን ስሙን ጠየቀችው።

«ሮብሌ። የተወለድኩ ዕለት ዘንቦ ነው አሉ። ሮብሌ ቢሒ።» ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «ሰፈሬ ሌላ ስም አለኝ፤ እሱን ግን አልነግርሽም» አለ።

«ከዳጎሌ ይብሳል?»

«ዳጎሌን ወድጄዋለሁ» አለ። ቀና ብሎ አያትና መልሶ መሬት መሬቱን አየ። «አንቺ ነሻ ያወጣሽልኝ።»

ይህ ሰው መልስ ይጠፋኛል ያለው ምኑ ጠፍቶት ነው አለች በልቧ።

ከዝናቡ ወራት በኋላ፣ ግራሩ ሥር፣ ባለሻይዋ ሴት ጀርባዋን ስትሰጥ ጠብቆ ነው የተናገረው።

«ሲራድ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትላለች እንዴ! ወደ እናንተ ቤት ነዋ። ከፈቀድሽ።»

አባቷ እንደሞቱ፣ የሚጠየቁት የአባቷ ወንድም አደር ጃማ እንደሆኑ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው የት እንዳለ አንድ በአንድ ነገረችው። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ቤቷ ስትደርስ ግን ቁርሷን በልታ ጨርሳ፣ መብላቷን ረስታ እንደገና ላሖሕ የሚባለውን ስስ እንጀራ አቀረበች። እናቷ አዩዋት፤ ነገሩ ገባቸው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷ አስጠርተዋቸው አደር ጃማ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ ለሲራድ የአባቷን ያህል ነበሩ።

«ጥሩ ሰው ከሆነ እኔ ምን እላለሁ? ግን አጣራለሁ። ስሙ?»

«ሮብሌ ቢሒ።»

«ሥራው?»

«ውኃ ላይ ነው። ወደ ቡርዖም ይሄዳል።»

«ልጄ፣ ሮብሌ በዚህ ከተማ መንገድ የሚዘጋ ነው። የትኛው ሮብሌ? ምን እያሉ ነው የሚጠሩት?»

ሲራድ ሳታስብ፣ ሁልጊዜ አፏ ላይ ያለውን ስም ተናገረች። «ዳጎሌ።»

«በቃ፣ ይበቃል» አሉ አደር ጃማ። በሐርጌሳ ሰው ለማግኘት ከዚህ የተሻለ አድራሻ የለም።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ሄዱና ከወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ጠየቁ። ሮብሌ ዳጎሌን የማያውቀው አልነበረም። ሥራው? ውኃ በቦቴ ያከፋፍላል። ጠባዩ? ተጫዋች ነው፤ የሚሉትን ከሰማ። ጫት? እሱ ያልቃመ ቀን ነጋዴዎቹ ሊጠይቁት ይመጣሉ። ትዳር? ሁለት አለው፤ አንዷ እዚህ፣ አንዷ ቡርዖ።

አደር ጃማ ይህን ይዘው መጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

«ሁለተኛ እንኳ ቢሆን ሃይማኖታችን ይፈቅዳል፤ በግልጽ ከመጣ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር» አሉ። «ይሄ ግን ሦስተኛ ነው። ያውም ደብቆሽ። እውነት እልሻለሁ ሲራድ፣ አዝኛለሁ።»

ሲራድ መጀመሪያ አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ቡርዖ ትዝ አላት። በየሁለት ሳምንቱ ቡርዖ። ውኃ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ገጠመ። ያ ዓይኑን መሬት ላይ የሚጥለው፣ ከሰው ጋር መነጋገር የሚከብደው ሰው ለካ የሚደብቀው ቢኖረው ነው ብላ አሰበች። አፍራ ነበር፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው ሲያወራላት እንደ ልጅ አፏን ከፍታ ስትሰማ መክረሟ አንገበገባት።

«አርብ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አሉ አደር ጃማ። «ምን ልበላቸው?»

«እምቢ ይበሏቸው።»

«እምቢ አይባልም። ደጅ የመጣ ሰው ፊት አለው። ልጃችን ቃል ተገብቶባታል እላቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል።»

እንዲህ ነው የሚባለው። ቃል ተገብቶባታል ማለት አትሆንላችሁም ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚቀየምም፣ ምክንያት የሚጠይቅም የለም።

አርብ ሰባት ሆነው መጡ፤ የሮብሌ አባትም ሞተዋልና ከፊት የነበሩት ትልቁ አጎቱ ናቸው። ሲራድ ወጥ ቤት ሆና ሰማች። የአገሩ ሰላም፣ ዝናቡ፣ የከብቱ ዋጋ ተወራ። ከዚያ ጉዳዩ ቀረበ። አደር ጃማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጃችን ቃል ተገብቶባታል» አሉ። «አላህ ይባርክላት» አሉ አጎትየው። ወዲያው የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሲራድ የያዘችውን ትሪ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

መንገዱን ተወችው። የእሱም መንገድ ነው፤ ይሂድበት አለች። በየጠዋቱ ለሶላት ስትነሳ እግሯ ወደ በሩ ይላል፤ ተመልሳ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ግን የለም። እናቷ «ምነው፣ ዛሬም አንራመድም?» ይላሉ። መነጽር ቤቱ ውስጥ የሰው አፍንጫ ላይ መነጽር ስታስተካክል እሷ የምታየው በሩን ነው። ናፍቋታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የሚናፍቃት ደግሞ እሱ ብቻ አልነበረም። የመዓሊን ቀልድ፣ የዶልሾዎቹ ማለክለክ፣ የኤዶ ሙሚና ቁጣ ናፈቃት። የማን ልጅ እንደሆኑ የማታውቃቸው ሰዎች።

አንድ ቀን አትክልት ተራ ኤዶ ሙሚና ክንዷን ጨብጠው አቆሟት።

«አንቺ ልጅ! በሕይወት አለሽ? ዱዓ አደረግሁልሽ እኮ! ሁለታችሁ ምን ሆናችሁ?»

«ሁለታችን?»

«እሱም ጠፋ! አንድ ቀን ብቻ መጣና፣ ችኩሏ የሰው ሆናለች፣ መንገዱ ቀድሞ የእሷ ነበር፣ እኔ እለቅላታለሁ ብሎ ሄደ። አሁን ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ በከብት ገበያው በኩል ብቻውን ይንከራተታል አሉ። ለማን ነው የለቀቀው? አንቺ የለሽ፣ እሱ የለ!»

ሲራድ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ተናደደች። ሁለት ሚስት አስቀምጦ ደግሞ የተበዳይ ፊት! «ተዉኝ ኤዶ፣ እሱን ሰው አያንሱብኝ» ብላ ሽንኩርቷን ሳትይዝ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ነው፣ ከቀትር በፊት፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ ከአንዲት ቁጡ ሴት ጋር መነጽር ቤቱ የገቡት። ሽማግሌው ከሰባ አያንሱም።

«የሚያነቡበት ነው ወይስ የሩቅ?» አለች ሲራድ።

«አዎ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው።

ሴትየዋ ጆሯቸው ሥር ሄደው ጮኹ። «የቅርብ ነው ወይ አለችህ! የቅርብ!» ከዚያ ወደ ሲራድ ዞሩ። «የቅርብ ነው። ያለፈውንም እኔ ነኝ ያሠራሁለት። ቡርዖ ያለችው ትሰብርበታለች፣ እኔ አሠራለታለሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው።»

ሲራድ ብዕሯን አነሳች። «ስም?»

«ሮብሌ በዪ።»

ብዕሩ ቆመ። «የትኛው ሮብሌ?» አለች።

«የትኛው ትላለች እንዴ! ዳጎሌ ነዋ። ባለቦቴው። በዚህ ከተማ ስንት ሮብሌ ዳጎሌ አለ?»

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው።

«ስምህን ነው የጠየቀችህ!»

«ቆንጆ ናት» አሉ ሽማግሌው በፈገግታ። «ያገባች ናት?»

ሲራድ ሳቀች። ሳቁን ስትጀምረው ማቆም አቃታት፤ ቀጥሎ እንባዋ መጣ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ሆኑ። ሴትየዋ ደንግጠው ውኃ አምጡላት አሉ። ለካ አደር ጃማ ያጣሩት እኚህን ኖሯል! ለካ የእሷ ሮብሌ ዳጎሌ የሆነው አንድ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በእሷ ምላስ። ሽማግሌውን አመስግና፣ መነጽራቸውን በደንብ ለክታ፣ ሱቁን ለባልደረባዋ ትታ እየሮጠች አደር ጃማ ጋ ደረሰች።

አደር ጃማ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ። ሱቃቸውን ዘግተው ሻይ ቤት ሄዱና ወዳጆቻቸውን ያዟቸው።

«ሰባ ዓመቱ መሆኑን ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ ጠየቅኸን?» አሏቸው።

ያን ጊዜ አርብ ከሽማግሌዎቹ የሰሙትን የሮብሌን አባትና አያት ስም ጠርተው እንደገና ጠየቁ። «የቢሒ ዋርሰሜ ልጅ? ግልገል ግመሉን ነው የምትለው?» አለ አንዱ። ሰፈሩ ከልጅነቱ ጀምሮ በአንገቱ ምክንያት እንደዚያ ነው የሚለው። «እሱማ እናቱን ብቻውን የሚጦር፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣው ልጅ ነው። ከሱ ወዲያ ባል ከየት ይገኛል?»

አደር ጃማ ተመልሰው ለሲራድ ይህን ነገሯት። ደስ ሊላት ሲል ግን እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ሰባት ሰው ፊት ቃል ተገብቶባታል ብያለሁ። አሁን ሄጄ ዋሽቼ ነው ልበል? ዕድሜዬን ሁሉ አንድ ቃል ይዤ የኖርኩ ሰው? የእሱስ ዘመዶች ቢሆኑ፣ አንዴ ተመልሰው ሁለተኛ ደጅ ይረግጣሉ? ልጄ፣ ይሄ ነገር ከእጄ ወጥቷል።»



በማግሥቱ ጠዋት ግን ከቤት ወጣች። ወደ ግራሩ አልሄደችም፤ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ወደ ከብት ገበያው በኩል ሄደች። በግመሎቹና በፍየሎቹ መሀል ከሩቅ አየችው። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው።

«ሮብሌ!»

አልዞረም። እንደውም ፈጠን አለ።

«ሮብሌ! ትሰማለህ! እንደምትሰማ አውቃለሁ!»

እርምጃውን ጨመረ። ያኔ ሲራድ ጅልባቧን በሁለት እጇ ሰብስባ ሮጠች። እዚያ አገር ትልቅ ሴት በአደባባይ አትሮጥም፤ ከሮጠች ሰው ሞቷል ወይ ቤት ተቃጥሏል። ነጋዴዎቹ «ምን ሆነሽ? ምን ተፈጠረ?» እያሉ ተነሱ። አንዱ አብሯት መሮጥ ጀመረ። ሮብሌ ጫጫታውን ሲሰማ ዞረ፤ አያት፤ ቆመ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ደንግጦ።

«ስጠራህ ለምን አትቆምም?»

«የሰው እጮኛ ነሽ። የምቆመው በምን መብቴ ነው?»

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ስሙን፣ ሻይ ቤቱን፣ ሽማግሌውን፣ ቡርዖ ያለችውን መነጽር ሰባሪ። አብሯት የሮጠው ነጋዴም ቆሞ ሰማ፤ ሲጨርሱ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። ሮብሌ አልሳቀም።

«አመንሽ?» አለ። «ሁለት ሚስት አለው ሲሉሽ፣ አመንሽ?»

«አመንኩ።»

«መጥተሽ አትጠይቂኝም?»

«መጠየቅ ነበረብኝ። ፈራሁ፤ አዎ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

ግመል አንድ ሁለቴ አገሳ።

«አጎቶቼ ተቀይመዋል» አለ በመጨረሻ። «ትልቁ አጎቴ፣ ቃል ተገብቶባታል እስኪሉን መቆየት ነበረብን ወይ እያለ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።»

«ለማን ነው የተገባው ብሎ ጠይቆ ነበር?»

«ለማን? ኧረ አይጠየቅም።»

ሲራድ ቀና ብላ አየችው። «አልጠየቃችሁማ» አለች። «ታዲያ አደር ጃማ ምን ዋሹ?»

ሮብሌ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ ለማየት ሲራድ ሌላ ከብት ገበያ ሙሉ በሮጠች ነበር።

«አጎቶቼን መለመን አለብኝ» አለ። «እኔ! ሰው ፊት አፌን መክፈት የማልችለው።»

«ትችላለህ። ማዳመጫውን አውልቀው ብቻ።»

ለመነ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞሮ ለመነ። ትልቁ አጎቱ ተዉኝ ብለው ብለው እሺ አሉ። ከሌሎቹ ግን ሁለቱ አመመን አሉ፣ አንዱ ሥራ አለብኝ አለ፣ አንዱ ደግሞ በግልጽ፣ ሁለተኛ እዚያ ደጅ አልቆምም አለ። ከሰባቱ እሺ ያሉት ሦስት ብቻ ሆኑ። በሦስት ሰው ሚስት አይጠየቅም፤ ወገን የለውም ያሰኛል።

ሲራድም በበኩሏ ሐሳቧን ለአደር ጃማ ነገረቻቸው። ሰምተው «ይምጡ» ብቻ አሉ። እሺ ይሁን እምቢ ከፊታቸው አልተነበበም።

አርብ ደረሰ። ሲራድ ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። በሩ ተከፍቶ ሰዎቹ ሲገቡ ቆጠረች፤ ሰባት ናቸው። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ አየች። የሮብሌ ሦስቱ ዘመዶች ከፊት ናቸው። ከኋላቸው መዓሊን በነጭ ልብስ፣ በትራቸውን ይዘው። ከመዓሊን ኋላ ሁለቱ ዶልሾዎች፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ላብ በላብ ሆነዋል። ከሁሉም ኋላ ከመንገዱ የምታውቀው፣ በጠዋት እጁን ከፍ አድርጎ ከማለፍ በቀር ቃል ያልተለዋወጠችው ሰውዬ። ስሙን እንኳ አታውቅም። ሲራድ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሰላምታው አለቀ። አደር ጃማ በወጉ መሠረት እያንዳንዱን ለልጁ ምኑ እንደሆነ ጠየቁ። «የአባቱ ወንድም ነኝ» አሉ የመጀመሪያው። «የአጎቱ ልጅ።» «ባራተኛው አያት እንገናኛለን።» መዓሊን ላይ ተደረሰ።

«እርስዎስ፣ በምን ይዛመዱታል?»

መዓሊን በትራቸውን ከጉልበታቸው አጠገብ አደላደሉ።

«አብረን እንራመዳለን» አሉ።

«አባቱን ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ጎሳውንም እዚህ በር ላይ ነው የሰማሁት። ልጁን ግን አውቀዋለሁ። ኤዶ ሙሚና ወድቀው ጉልበታቸው የተላጠ ዕለት ከግራሩ እስከ ቤታቸው በጀርባው ያዘላቸው እሱ ነው፤ የማን እናት እንደሆኑ ሳይጠይቅ። ልጅቷንም አውቃታለሁ። ስትጠፋ ሁላችንም ነው የጎደልነው። እኛ አራታችን ለዚህ ነው የመጣነው።»

የሮብሌ አጎት ወለሉን ያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ በዘር ያልተቆጠረ ሰው ለሰው ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ። ሲራድ የእናቷን እጅ ጨምቃ ያዘች። አደር ጃማ ረጅም ጊዜ መዓሊንን ተመለከቷቸው።

«ባለፈው ስትመጡ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጃችን ቃል ተገብቶባታል ብያችሁ ነበር።»

«ብለኸናል» አሉ የሮብሌ አጎት ደረቅ ብለው።

«ዛሬም የምለው እሱኑ ነው። አንድ ቃል ነው ያለኝ። ግን ከሰባት ሰው አንዱ እንኳ ለማን ብሎ አልጠየቀኝም።»

የሮብሌ አጎት ቀና አሉ። «እንግዲያው ልጠይቅህ። ለማን ነው?»

«ለሮብሌ» አሉ አደር ጃማ። «ለሮብሌ ቢሒ ዋርሰሜ።» ከዚያም ሳያቋርጡ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ የልጁን አያት ቅድመ አያት አንድ በአንድ እስከ ሰባተኛው ጠሩ። አጥንተውት ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ወደ መዓሊን ዞሩ፤ «አብሯቸው ለሚራመድ ሰዎችም» አሉ።

መዳፎች ለፋቲሓ ዱዓ ገና ሳይነሱ የሲራድ እናት እልልታውን ከመጋረጃው ጀርባ ለቀቁት። ወንዶቹ ሳቁ፤ የሮብሌ አጎትም ሳቁ። ሲራድ አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ሰው ይሰማኛል ሳትል፣ በደስታ አለቀሰች።